የሮማ ሳንቲም የት ተቀረጸ? በእጅ አጣጣል ስለመለየት ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁ ስለተጠራቀሙ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። እንዲመቸን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበትን ፊት «ዘውድ»፣ ጀርባውን «ጎፈር» እያልኩ እሄዳለሁ። ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳንቲሙ ላይ የከተማ ምልክት ከሌለ መቅረጫው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በእጅ አጣጣሉ ነዋ! ሳንቲሙ የሚመታበትን ማህተም የሚፈለፍለው ሰው በእጁ ነው። ብራና የለመደ ሰው ፊደሉን አይቶ ዘመኑን እንደሚገምተው ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ ፊቱን ያያል፤ እኔ ፊቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መልኩን ሁሉም ቀራጭ ከአንድ ምስል ለመገልበጥ ይጣጣራል። ፊደሉን፣ ጆሮውን፣ የጢሙን ጫፍ ግን እጁ እንደለመደው ይሠራዋል።

ጥያቄ፦ የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የብር ዴናሪየስ ገዛሁ። ሻጩ «በሶርያዋ ከተማ በኤሜሳ የተቀረጸ ነው» ብሎኛል። ልመነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የዘውዱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሴቬረስ በ193 ሲነግሥ ሶርያ በተቀናቃኙ በፔሴኒየስ ኒገር እጅ ነበረች። ኒገር በ194 ኢሶስ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ምሥራቁ ለሴቬረስ ይቀርጽ ጀመር። በዚያ ዓመት ሮማ የተቀረጸው ስሙን አስቀድሞ «ኢምፕ» (ኢምፔራቶር፣ ድል አድራጊ አዛዥ) የሚለውን ከነቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያደርጋል። የምሥራቁ በተቃራኒው በ«ኢምፕ» ጀምሮ «ኮስ» እና ሁለት ቋሚ ጭረት ብሎ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ቆንስል፣ ማለትም የሮማ ከፍተኛ ሹም፣ ማለት ነው። ጎፈሩ ላይ «ቦኒ ኤቨንቱስ» ካለ ደግሞ ያው ጽሑፍ በኒገር ሳንቲም ላይም አለና ምሥራቅ መሆኑን ያጠናክርልሻል።

ትናንት ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። በሮማው ላይ ፊደሎቹ እኩል ቆመዋል። በእኔ የምሥራቅ ሳንቲም ላይ አንዱ ፊደል ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቀጣዩ ጠርዙን ነክቷል፤ ጢሙም አንድ በአንድ የተነቀሰ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሳይ የቀራጩን ትንፋሽ የሰማሁ ያህል ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ኤሜሳ፣ ማለትም የዛሬዋ ሆምስ፣ የሚለው ስም ሳንቲሙ ላይ አልተጻፈም፤ ተመራማሪዎች የሰጡት ምደባ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ በሌላዋ የሶርያ ከተማ ስም ሎዶቅያ የሚባለው ምድብ ነው። ጽሑፉ ከሮማው ጋር አንድ ሊሆን ስለሚችል ከእጅ አጣጣል በቀር መያዣ የለውም።

ጥያቄ፦ የንጉሠ ነገሥት ትሬቦኒያነስ ጋለስ ሳንቲምስ?

መልስ፦ እሱ ይቀላል። በ251 እና በ253 መካከል ነው የገዛው። ዘውዱ «ኢምፕ ካኤ» ብሎ ከጀመረ ሮማ ነው። «ኢምፕ ሲ ሲ» ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ከ«አውግ» (አውግስጦስ) በፊት «ፒ ኤፍ» (ጻድቅ፣ ዕድለኛ) ካለ አንጾኪያ፣ «ፒ ኤፍ» ከሌለ ሚላኖ ይባላል። በአንጾኪያው ላይ ከደረቱ በታች ነጠብጣብ ወይም ቁጥር ፈልግ፤ ሳንቲሙን የሠራው የመቅረጫው የሥራ ክፍል መለያ ነው።

ጥያቄ፦ ጎፈሩ ግርጌ «ኮንስ» ይላል። ቁስጥንጥንያ መሆኑ አይደል?

መልስ፦ አይቸኩሉ፣ ጋሼ። በጎል ምድር፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ያለችው ከተማ አርልም በ328 ገደማ ኮንስታንቲና ተብላ ምልክቷ ተቀይሯል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የክፍሉን ፊደል ቦታ ይዩ፦ የላቲን ፊደል ከፊት ከቀደመ አርል፣ የግሪክ ፊደል ከኋላ ከተከተለ ቁስጥንጥንያ። ቁስጥንጥንያ መቅረጽ የጀመረችው በ326 ስለሆነ ከዚያ በፊት ለሞተ ንጉሥ አይስጧት።

ጥያቄ፦ የኔሮ መዳብስ?

መልስ፦ በአንገቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ሉል ካለች ሊዮን፣ የያኔዋ ሉግዱኑም።

ጥያቄ፦ የአክሱም ወርቅ ከሮማ ጋር ይያያዛል የሚባለው በእጅ አጣጣል ነው?

መልስ፦ በክብደት ነው። የንጉሥ እንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ሲሆን ይህም የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ያሠራውን የወርቅ ሳንቲም፣ የኦሬየስን፣ ግማሽ ያህላል። ጽሑፉም ግሪክኛ ነው። አቀራረጹ ግን የራሱ ነው፤ ንጉሡን በግራና በቀኝ የከበቡትን የእህል ዛላዎች ያየ ሰው ከሮማ ጋር አያምታታውም።

ጥያቄ፦ ዓይኔን እንዴት ላሠልጥን?

መልስ፦ ከ294 ገደማ የዲዮቅልጥያኖስ ማሻሻያ ወዲህ የከተማ ምልክት የተለመደ ነገር ሆኗል። በእነዚያ ጀምር። ምልክቱን በጣትህ ሸፍነህ ከተማውን ገምት፣ ከዚያ ጣትህን አንሣ።