መልስ፦ በፍቅር ኮሜዲ ፊልም ፖስተሬ ላይ ጥንዶቹ የተለጠፉ መሰሉብኝ ላልከው

ወንድሜ፣ ነጭ መደብ ላይ ጀርባ ለጀርባ ያቆምካቸው ተዋንያን ተቆርጠው የተለጠፉ የመሰሉህ በአብዛኛው በጥላ ምክንያት ነው። ጫማቸው ወለሉን የሚነካበት ቦታ ላይ ጠባብና ጠቆር ያለ ጥላ፣ ከእሱ ወጣ ብሎ ደግሞ ሰፋ ያለና የሳሳ ጨምር። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ለየብቻ የተነሱ ከሆነ አፍንጫቸው ሥር ያለውን ጥላ አስተያይ፤ የእሷ ወደ ግራ፣ የእሱ ወደ ቀኝ ከወደቀ በቀላሉ አይዋሃዱም፣ እንደገና ማንሳት ይሻላል። ትከሻ ለትከሻ በሚነካኩበት ቦታም ልብሳቸው ካልተጨማደደ መደጋገፋቸው አያሳምንም።

ይህ ጀርባ ለጀርባ አቋም የተወደደው “ይነታረካሉ፣ ግን አይለያዩም” የሚለውን ባንድ እይታ ስለሚናገር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ያዙሩ፣ አንዳቸው ግን በዓይን ጥግ ሌላውን ይይ።

ርዕሱን ወፍራም ቀይ አድርገው። ሌላ ደማቅ ቀለም ካስፈለገህ ያው ቀይ ቀሚሷ ላይ ይደገም እንጂ አዲስ አትጨምር። የተዋንያኑን ስም በየራሳቸው አናት ላይ አስቀምጥ፤ የአንዱ ስም ከሌላው ፊት በላይ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የስም ቅደም ተከተል በተዋንያኑ የሥራ ውል ሲወሰን ነው፣ እንዲህ ያለ ውል ካላሰረህ አታዘባርቅ።

ለሲኒማ ቤት አንዱ የተለመደ መጠን 27 በ40 ኢንች ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 8100 በ12000 ፒክስል ይሆናል። ሳታትም በፊት ወርዱን ወደ 200 ፒክስል አሳንሰህ ርዕሱ መነበቡን እይ።