ትሮምቦን ለመጀመር ላሰብሽው እህት፦ ከሁሉ በፊት ስላይዱ

ከሐዋሳ የጻፍሽው እህቴ፣ አክስትሽ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ትሮምቦን ልታመጣልሽ እንደሆነ ነግረሽን ሦስት ነገር ጠይቀሻል፤ የትኛው ዓይነት እንደሚሻል፣ ምልክት በሌለው ስላይድ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተተው ቱቦ) ላይ የት መቆም እንዳለብሽ በምን እንደሚታወቅ፣ ያለ አስተማሪ መማር ይቻል እንደሆነ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች በፋብሪካ ስም ጉንጭ አልፋ ክርክር ገጥመው አይቻለሁ። ስለ ስላይዱ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። የእኔን መሣሪያ ወንድሜ ነበር ከሜሪላንድ ያመጣልኝ። መንገድሽ ያው የእኔ መንገድ ስለሆነ እኔ ያየሁትን አበሳ እንዳታዪ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። ኖታ ማንበብንና ትንፋሽ አወሳሰድን ሌላ ሰው ያስረዳሽ።

1. በግራ አውራ ጣት የሚሠራ ተጨማሪ ቱቦ ያለውን፣ ኤፍ አታችመንት የሚሉትን፣ አሁን አትግዢ። ጥቅሙን አልክድም፤ ስድስተኛው ፖዚሽን (ስላይዱ የሚቆምበት ቦታ) ድረስ ክንድሽን ዘርግተሽ የምታገኛቸውን ዝቅተኛ ኤፍና ሲ የተባሉ ድምፆች እዚሁ አንደኛው ላይ ያመጣልሻል። ነገር ግን ክብደቱ በሙሉ ግራ እጅሽ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ዋጋውም ይንራል፣ ሲበላሽ ደግሞ እዚህ የሚያውቀው ሰው በመከራ ነው የሚገኘው። ለጀማሪ ቀጥ ያለው ባለ ቢ ፍላት ቴነር፣ ማለትም ተጨማሪ ቱቦ የሌለው የተለመደው ትሮምቦን፣ ይበቃል። የቱቦው ስፋት 12.7 ሚሊሜትር የሆነው፣ ለምሳሌ ያማሃ 354፣ ብዙ ትንፋሽ አይጠይቅም። ያገለገለም ቢሆን ግዢ። 13.9 ሚሊሜትር የሆነውን ሰፊውን ለኦርኬስትራ ሰዎች ተዪላቸው። ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያ) ለብቻው የምታስመጪ ከሆነ መሣሪያው ውስጥ የሚገባው እግሩ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን አስጠይቂ፤ የአንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን፣ ስሙ የማይታወቀውን አዲስ ርካሽ የብረት ትሮምቦን ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበዪ። ዋጋው የወረደው ከስላይዱ ጥራት ላይ ተቀንሶ ነው። ከእሱ የፕላስቲኩ ይሻላል፤ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ወድቆም ይነሣል።

2. አክስትሽ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት ስላይዱን ብቻውን ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ትያዘው፤ ከዚያ አንድ እጇን ከሥር አድርጋ የውስጡና የውጪው ቱቦ እንዳይላቀቁ የሚይዘውን መቆለፊያ ቀለበት ትፍታው። የውጨኛው ቱቦ በራሱ ክብደት፣ ሳይንገጫገጭና መሐል ላይ ሳይቆም፣ ቁልቁል መንሸራተት አለበት። ካቆመ አመስግና ትሂድ። ሻጩ «ዘይት ሲነካው ይስተካከላል» ካላትም ትሂድ። ውስጥ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ከውጨኞቹ ጋር የሚነካኩት ጫፋቸው ላይ ባለችው ትንሽ ወፈር ያለች ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። አንዱ ቱቦ በጥቂቱ ከጎበጠ ወይም ሁለቱ እኩል ጎን ለጎን ካልሄዱ ይፋተጋሉ። ቤሉ (ድምፁ የሚወጣበት ሰፊ አፍ) ቢጨረማመት መልክ ነው የሚጠፋው፤ ስላይዱ ላይ የምስር ቅንጣት የምታህል ጉድጓድ ካለች ግን ሙዚቃው ነው የሚጠፋው።

3. ጉዞው። ማውዝፒሱን ሳጥኑ ውስጥ ልቅ አድርጋ እንዳትተወው። በካልሲ ጠቅልላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ትክተተው፤ አለበለዚያ መንገዱን ሙሉ ስላይዱን ሲደበድብ ይመጣል። ሳጥኑ ጠንካራ ይሁን፤ የዋጋው ደረሰኝም አብሯት ይኑር። መቆለፊያው ቀለበት ላይ የወረቀት ፕላስተር ትጠምጥምበት። ይህን የመጨረሻውን የሚነግርሽ ሰው አታገኚም፤ እኔ የማውቀው ገፈቱን ስለቀመስኩ ነው።

ወንድሜ ሌላውን ሁሉ በሚገባ አድርጎ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «ዕቃው ይታይ» አለ። ረጅም የብረት ጠረጴዛ አለ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ፈታሹ ወጣት ሳጥኑን ከፈተና «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ትሮምቦን ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው አልኩት። «የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ነው የሚመስለው» አለ፤ አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። «እባክህ እኔ ላውጣው» ብዬ እጄን ስዘረጋ «ከመስመሩ ኋላ ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። ስላይዱን በአንድ እጁ አነሣው፤ ቀለበቱን ክዳን መስሎት አዞረው፤ ከዚያ ውስጡን ሊያይ በቁመቱ አንጠለጠለው። የውጨኛው ቱቦ ሾልኮ ወጣ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትሞ ወለሉ ላይ አረፈ። ልጁ አነሣና አየት አድርጎ «አልተሰበረም» አለ። መልሼ ስገጥመው ከአራተኛው ፖዚሽን ወዲያ አልሄድም አለ።

ኃላፊው ጋ ገባሁ። ከወንበሩ ቀና እንኳን ሳይል «ደረሰኙ ላይ ያለው አንድ ትሮምቦን ነው፤ የሰጠንህም አንድ ትሮምቦን ነው፤ ምን ጎደለ?» አለኝ። ከዚያ «ዕቃውን በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ቅጽ ተሰጠኝ። ከሥሩ «ስላይዱ በፍተሻ ጊዜ ወድቆ ተጎድቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ጸሐፊዋ አነበበችው፣ ለሁለት አጠፈችው፣ ቀደደችው፣ ሌላ ንጹሕ ቅጽ አቀበለችኝ። «ቅጹ የአስተያየት ቦታ የለውም» አለች። ካልፈረምኩ ዕቃው እንደሚያድርና የማከማቻ እንደሚከፈልበትም ጨመረችልኝ። አንጀቴ እያረረ ፈረምኩ። ያስገባሁት አቤቱታ መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንቺ እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ሰው በሚሰማበት ድምፅ፣ ራስሽ ልታወጪው እንደምትፈልጊ ተናገሪ። ጉዳት ከደረሰ ቅጹ ላይ አትሟገቺ፤ በተለየ ወረቀት ጽፈሽ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊና ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቺ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማንም አይቀድም።

ስላይዱን ለማስጠገን ከተማውን አዳረስኩት። አንድ የራዲያተር በያጅ «በመዶሻ ቀስ እያልኩ ላቃናው» ብሎኝ ነበር፤ መሣሪያዬን ነጥቄው ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጋ እንዳትሄጂ። በመጨረሻ የማርሽ ባንድ ጡረተኛ የሆኑ አንድ አባት ተጠቆሙልኝ። ወፍራም የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋደሙ፣ የውስጠኛዎቹን ቱቦዎች እላዩ ላይ አስተኙ፣ ጎንበስ ብለው ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ መኖር አለመኖሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱ። ከውስጥ ያሉት ደህና ነበሩ። የተጎዳው የውጨኛው ነው። በልኩ የተሠራ የብረት ዘንግ አስገቡበትና ከላይ በለሰለሰ ብረት እያሹ ጉድጓዱን አወጡት፤ መዶሻ የሚባል ነገር እጃቸው አልገባም። ያስከፈሉኝ ቀላል አልነበረም፤ አልተከራከርኳቸውም። ይኸው በዚያው ስላይድ በየሠርጉና በየመድረኩ እየነፋሁ ነው። የሰሙኝ ይመስክሩ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ሰባት ፖዚሽን አለ፤ አንድ ፖዚሽን ወደ ፊት በገፋሽው ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል። ርቀቱ እኩል አይደለም፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ 11 ገደማ ይደርሳል። ሦስተኛው ከቤሉ ጠርዝ ትንሽ ወደ አንቺ፣ አራተኛው ከጠርዙ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ይህ ለመነሻ ያህል ነው፤ የሚያቆምሽ ጆሮሽ ነው። ስላይዱ ላይ በማርከር ምልክት አድርጊ የሚልሽን አትስሚው፤ ዓይንሽ ቱቦው ላይ ተተክሎ ይቀራል።

እኔ የተማርኩት በትዝታ ነው፤ አንቺም በእሱ ጀምሪ። ኪቦርድ ላይ ቢ ፍላትን ተጭኖ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ። ከዚያ ትዝታ ሜጀርን ከታች ውጪ፦ ቢ ፍላት በአንደኛ፣ ሲ በስድስተኛ፣ ዲ በአራተኛ፣ ኤፍ በአንደኛ፣ ጂ በአራተኛ፣ ላይኛው ቢ ፍላት እንደገና በአንደኛ። ከአንደኛ ወደ ስድስተኛ የሚደረገው ዝላይ መጀመሪያ ላይ ያስለቅስሻል። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ስትሻገሪ ሲ በሦስተኛ ይመጣል፣ ዲና ኤፍ ሁለቱም አንደኛ ላይ ናቸው፣ ለውጡ የከንፈር ብቻ ነው። ላይኛው ጂ በሁለተኛው ነው፤ ግን እዚያ ላይ በተፈጥሮው ዝቅ ስለሚል ስላይዱን ትንሽ ወደ ራስሽ ሳብ ማድረግ አለብሽ። ፒያኖ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። በትሮምቦን ግን አንቺሆዬን እንደ ማሲንቆ ተጫዋች ጣት በፈለግሽበት ቦታ ማሳረፍ ትችያለሽ። ይህን መሣሪያ የምወደውም ለዚህ ነው።

የጀማሪ ሁሉ በሽታ ድምፁን መጎተት ነው። ስላይዱ ሲሄድ ትንፋሹ ስለማይቋረጥ በመሐል ያለው ሁሉ ይሰማል። ምላስሽ «ዱ» እያለ ድምፁን ይቁረጥ፤ ስላይዱን በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ላላ አድርገሽ ያዢና እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ቆይተሽ በፍጥነት አንቀሳቅሺው። በዝግታ መሄድ ለስለስ ያለ ዜማ የሚሰጥ ይመስላል፤ አይሰጥም።

ለአክስትሽ ከምትልኪው ዝርዝር ላይ የስላይድ ክሬም፣ ማጽጃ ዘንግና ትንሽ የውሃ መርጫ ጠርሙስ ጨምሪ። ክሬሙ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያ ውሃ ይረጭበታል፤ አለቀ። ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይት አይነካውም። አብሮኝ የሚጫወት አንድ ልጅ የፀጉር ቅባት ቀብቶ ሠርግ ላይ መዓዛው ከሙሽራዋ በልጦ ነበር፤ ስላይዱ ግን ንቅንቅ አላለም። አከራይሽን ደግሞ ከአሁኑ አነጋግሪ። የእኔዋ «ቀንድ የሚነፋ ተከራይ አላሳድርም» ብላኝ መውጫዬን አሳይታኛለች፤ አሁን ማፈኛ ገጥሜ ነው ቤት የምለማመደው።

አስተማሪን በተመለከተ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አንቺ ሐዋሳ ነሽ። ስለዚህ ማርሽ ባንድ ውስጥ የሠሩ ጡረተኞችን ፈልጊ። የነሐስ መሣሪያ እውቀት በአገራችን በአመዛኙ በሰልፍ ሜዳ ነው ያደገው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ናቸው ያቆሙት። ከእነዚያ ባንዶች የወጡ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ሄዶ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው። ቢያንስ አንድ ሰው ከንፈርሽን እያየ እንዲያርምሽ ያስፈልጋል፤ ማውዝፒሱን ከንፈርሽ ላይ መጫን ከለመድሽ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

አክስትሽ መሣሪያውን ስታይ ስላይዱ ቁልቁል ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ አስቀርጪና ከመክፈሏ በፊት እዚሁ ለጥፊው። አይቼ እነግርሻለሁ።