ጥያቄና መልስ፦ ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋንና የፓተንት «ግልጽነት» ክርክር

ሰላም ወገኖች። የዛሬው የአሜሪካን ሕግ ይመለከታል፤ «ግልጽነት» ስንል ፈጠራው ለሙያው ሰው ቀድሞውኑ ግልጽ ነበር ወይ ማለታችን ነው፤ ከነበረ ፓተንት አያገኝም። ከመጠየቃችሁ በፊት ክሌሙን (ፓተንቱ የእኔ ነው የሚለውን ወሰን የሚያስቀምጠውን ክፍል) አንብቡ፤ ርዕሱንና ሥዕሉን ሳይሆን ክሌሙን።

ብርሃን፦ ጋሼ፣ መስታወትን በአሲድ ማሻከር ድሮም አለ። የሲሊካ ቅንጣት ያለው ቅብም አለ። ሁለቱን ያጣመረ ሰው ምን ፈጠረ ይባላል?

መልስ፦ ይህን ነው የምወደው! ቀድሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ «አጣምር የሚል ፍንጭ የት አለ?» እያለ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ ኩባንያዎች የመኪና ፔዳል ክርክር ያንን ግትርነት ሻረው። የታወቁ ነገሮች ተጣምረው የሚጠበቀውን ብቻ ከሰጡ ፓተንቱ ይወድቃል። ስለዚህ የሚያድንህ ያልተጠበቀ ውጤት ነው። ገጹ በሻከረ ቁጥር ነጸብራቁ ይበተናል፤ ግን ሄዙ (ሲያልፍ የሚበተነው ብርሃን በመቶኛ) ይጨምራል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። የአንተ ሽፋን ነጸብራቁን ቀንሶ ጽሑፉን ጥርት አድርጎ ካቆየ፣ በጣም ከሚቀርበው የቀድሞ ሥራ ጎን አስቀምጠህ ለካው። አንድ ናሙና ለክተህ ከ5 እስከ 40 በመቶ ሄዝ ብትጠይቅ ግን ማስረጃህ ክሌምህን አይሸፍንም። ስንት ጥሩ ሥራ በዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል።

ሳሮን፦ የቀድሞው ሄዝ ከ5 እስከ 15 ነው፣ የእኔ ከ10 እስከ 20። ይለያል አይደል?

መልስ፦ ተደራርቧል። ከ2003ቱ የፒተርሰን ውሳኔ ጀምሮ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በፊት መደራረብ ካለ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አንቺ ይዞራል። ያልተጠበቀ ውጤት አሳዪ።

ናቲ፦ የእኔ ሽፋን ያልፋል?

መልስ፦ የትኛው ሽፋን? ክሌም የለም፣ ቁጥር የለም። ክሌሙን ይዘህ ና።

ብርሃን፦ ገበያው ከወደደውማ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው።

ሳሮን፦ ማስታወቂያው ቢሆንስ የሸጠው?

ብርሃን፦ እንግዲያ ሌሎቹ ለምን ቀድመው አልሠሩትም?

ሳሮን፦ ርካሽ ስክሪን ስላልነበረ!

መልስ፦ ተዉ እንጂ። የ1966ቱ የግራሃም ውሳኔ ሽያጭንም የሌሎችን አለመሳካትም ይቀበላል። ሽያጩ ግን ክሌም ከተደረገው ነገር የመጣ መሆኑ መታየት አለበት። ሳሮን እዚህ ላይ ልክ ነች።

ሙሉ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል አለ፤ አዲስና ለኢንዱስትሪ የሚውል መሆኑ ይበቃዋል። ከዚህ በላይ በሌላ ቀን።

ናቲ፦ ጋሼ፣ የስልክ ስክሪን ሽፋን ነው። ያልፋል?

መልስ፦ ናቲ፣ ክሌሙን።