የሐይቅ አቆስጣዎች እንዴት ይቈጠራሉ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በፊንላንድ ሳይማ ሐይቅ ውስጥ ስለሚኖሩት አቆስጣዎች (በውኃ እየኖሩ ዓሣ ስለሚበሉት አጥቢ እንስሳት) ባለፈው በአጭሩ ጠቅሰን ካለፍን ወዲህ የደረሱንን ጥያቄዎች አሰባስበን ዛሬ እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«አቆስጣ» ያሉት እንስሳ ሌሎች «ሲል» የሚሉት ነውን? ለምን ይህን ቃል መረጡ?

አዎን፣ ያው ነው። «ሲል» (seal) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «እንዲህ ሲል ተናገረ» ከምንለው ግስ ጋር በፊደል አንድ ስለሆነ በረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ያደናግራል። «አቆስጣ» በአንጻሩ በኦሪት ዘጸአት የማደሪያው ድንኳን መደረቢያ ከሆኑት ቁርበቶች አንዱ ሆኖ ስለተጠቀሰ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። የዕብራይስጡ ቃል በትክክል የትኛውን እንስሳ እንደሚያመለክት ሊቃውንት ዛሬም ስለሚከራከሩበት፣ እኔ ቃሉን የወሰድሁት ለመጠሪያነት ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

የባሕር እንስሳ ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ ምን አገባው?

በሳይማ ጉዳይ ባሕሩ ጥሎት ሄደ ቢባል ይቀላል። ሰሜን አውሮፓን ሸፍኖ የነበረው ወፍራም ግግር በረዶ ሲቀልጥ፣ ከክብደቱ የተገላገለው መሬት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተነሣ፤ በዚያ የነበሩ አቆስጣዎችም ከዛሬ 9 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ከባሕር በተቈረጠ ውኃ ውስጥ ቀሩ። ከባሕር ወለል በ76 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ሳይማ ውኃውን በቩኦክሲ ወንዝ ወደ ሩሲያው ላዶጋ ሐይቅ ያፈስሳል፤ በላዶጋም ሌላ የአቆስጣ ዘር አለ። እንስሳው በሳንባው የሚተነፍስና ዓሣ እስካገኘ ድረስ ያለ ጨው የሚኖር ስለሆነ፣ ንጹሑ ውኃ ብዙ አላስቸገረውም።

ሐይቁ በደሴቶች የተሞላ፣ ክረምቱን በበረዶ የተዘጋ ነው ብለዋል። ታዲያ ተመራማሪዎቹ የማያዩትን እንስሳ እንዴት ይቈጥሩታል?

ይህ ከደረሱን ሁሉ የወደድሁት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሰፋ ያለ ነው። በመጀመሪያ ግን በአማርኛ «በረዶ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸውን ሁለት ነገሮች እንለይ፤ ከዚህ በታች «በረዶ» የምለው ሐይቁን የሚከድነውን የረጋ ውኃ ሲሆን፣ ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ብናኝ «አመዳይ» እለዋለሁ።

እናቲቱ ከደሴቶቹ ዳር ነፋስ በከመረው አመዳይ ውስጥ ጎሬ ትቈፍራለች፤ መግቢያው ከበረዶው በታች በውኃ በኩል ስለሆነ ከላይ ምንም አይታይም። በየካቲትና በመጋቢት አንድ፣ አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ግልገል በዚያ ትወልዳለች። በሚያዝያ አመዳዩ ሲቀልጥ የጎሬዎቹ ጣሪያ ይወድቃል፤ ቆጠራውም የሚካሄደው ይህን ጊዜ ነው። የአገሪቱን የመንግሥት ደኖችና ጥብቅ ሥፍራዎች የሚያስተዳድረው ሜትሳሃሊቱስ የሚባለው ድርጅት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በየዳርቻው እየዞረ የተደረመሱትን ጎሬዎች ይመዘግባል። ጠላቂዎችም ወደ ውኃው ወርደው ግልገል ተወልዶ እንደሆነ፣ ሞቶም እንደሆነ ይመረምራሉ። ከጎሬው ሥር የሚያገኙት እንግዴ ልጅ ለዘረመል ተመራማሪዎች እንደ ወርቅ የሚቈጠር ነገር ነው፤ እንስሳውን ሳይዙና ሳያስደነግጡ እናቲቱ ማን እንደሆነች ይነግራቸዋልና። እንግዲህ በየዓመቱ የሚነገረው የአቆስጣ ብዛት አንድ በአንድ የተቈጠረ ራስ አይደለም፤ ከጎሬዎቹና ከግልገሎቹ ተነሥቶ የተሰላ ግምት ነው። ጋዜጦች «ዘንድሮ በአሥር ጨመረ፣ በአሥር ቀነሰ» ብለው ሲጽፉ የማልደነግጠውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፎቶግራፍ ነው። በግንቦት አቆስጣዎቹ ጠጉራቸውን ለመቀየር በድንጋይ ላይ ወጥተው ለረጅም ሰዓት ይተኛሉ። በቆዳቸው ላይ ያለው የቀለበት ንድፍ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው የተለየ፣ ዕድሜ ልክም የማይለወጥ ስለሆነ፣ የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በድንጋዮቹ አጠገብ ካሜራ እየተከሉ እያንዳንዱን በመልኩ ይለያሉ። ከዓመት ዓመት ያው አቆስጣ በዚያው አካባቢ መገኘቱን ያወቁት በዚህ ነው።

አሁን ስንት ናቸው? ቍጥሩስ ይበቃል?

በ1980ዎቹ ከ200 በታች ወርደው የነበሩት ዛሬ 500 ገደማ ሆነዋል። በሕግ ከመጠበቃቸው በፊት ለገደለ ሰው ጉርሻ ይከፈል ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች እንደ ተቀናቃኝ ያዩት ስለነበር ነው። በሕግ የተጠበቀው በ1955 ነው። «ይበቃል?» ለሚለው የእኔ መልስ አይበቃም ነው። በሩሲያው ባይካል ሐይቅ የሚኖሩት አቆስጣዎች ከ80 ሺህ በላይ ስለሆኑ፣ በ1987 እና በ1988 የውሻ ወረርሽኝ ቫይረስ ገብቶ ብዙ ሺህ ሲገድልባቸው እንኳ ዘሩ አልጠፋም። ያንኑ የመሰለ በሽታ ሳይማ ቢገባ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ የዘረመላቸው ስብጥርም ለብዙ ሺህ ዓመታት በመነጠላቸው ምክንያት በጣም የጠበበ ነው።

ሌላው ሥጋት የክረምቱ መለወጥ ነው። አመዳይ ካልተከመረ ጎሬ የለም፤ ግልገሉም በገላጣ በረዶ ላይ ተወልዶ ለብርድና ለቀበሮ ይጋለጣል። ስለዚህ አመዳይ በማይበቃባቸው ክረምቶች በጎ ፈቃደኞች በአካፋ እየዛቁ ሰው ሠራሽ ክምር ያዘጋጃሉ። ዘዴው በስፋት በተሠራበት በ2014 ክረምት የተገኙት ግልገሎች አብዛኞቹ የተወለዱት ሰው በከመረው ውስጥ ነበር። መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም በረዶው ራሱ ካልረጋ አካፋ ምንም አይፈይድም።

ጣና ላይ አቆስጣ ቢለቀቅ ይኖራልን?

አይኖርም፤ በሙቀቱም ምክንያት፣ የሚወልድበት አመዳይ ስለሌለም። ደግሞስ ጣና የራሱ የተነጠሉ ፍጥረቶች አሉት፤ የዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ የለያቸው የባርቡስ ዓሦች በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ናቸው። እንግዳ አዳኝ የሚያሻቸው አይመስለኝም።

የምኖረው ሄልሲንኪ ነው። በበጋ ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር ሳይማ ዳር ወዳለ ጎጆ እንሄዳለንና መረብ መጣል እችላለሁን?

ከሚያዝያ 15 እስከ ሰኔ 30 አቆስጣው በሚራባባቸው አካባቢዎች መረብ መጣል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የጎጆው ዳርቻ በክልሉ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በክረምት የተወለዱት ግልገሎች ከእናታቸው ተለይተው ዓሣ ማደን የሚማሩት በዚያ ወቅት ስለሆነ፣ በውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያድር መረብ ሲጠላልፋቸው ለመተንፈስ መውጣት ተስኗቸው ይሞታሉ። የአዋቂውን ያህል ጉልበት ስለሌላቸው መረቡን ቀድደው አያመልጡም። ክልከላው የሚያበቃው በሰኔ መጨረሻ ቢሆንም ግልገሎቹ በሐምሌ ገና ልጆች ናቸውና፣ የእኔን ምክር ከጠየቁኝ በጋውን ሙሉ በመንጠቆ ያጥምዱ። ለቤተሰብ እራት የሚሆን ዓሣ በመንጠቆም ይገኛል።