ማስተርስ የምትማሪው ከአዳር ለማምለጥ ከሆነ

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ከምትኖር ነርስ ነው። ዲግሪዋን ይዛ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሁን ድንገተኛ ክፍል ናት። «አሜሪካ እንዳሉት ነርስ ፕራክቲሽነሮች በሽተኛ መርምሬ መወሰን እፈልጋለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ግን ‹አዳር እስከ መቼ፣ አቦ! ፐብሊክ ኸልዝ ተማሪና ቢሮ ግቢ› ይሉኛል። ማንን ልስማ?» ትላለች።

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ክፉ አልመከሩሽም። አዳር ያደክማል። ፐብሊክ ኸልዝም ትልቅ ሙያ ነው። ግን ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች ስለ በሽተኛ ነው የሚያወራው። ስለዚህ የክሊኒክ መስመሩን ያዢ እልሻለሁ።

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው፣ ነርስ ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝበት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው ሥልጠናውን የጀመሩት። ዛሬ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ለዚህ ደረጃ ቢያንስ ማስተርስ ይመክራል። እኛ አገር መደቡ እንደ አሜሪካው አልተዘረጋም። ሥራው ግን አለ! ጤና ጣቢያ ሄደሽ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል ግቢ። የልጁን ትንፋሽ ቆጥራ፣ መርምራ፣ መድኃኒት የምታዘው ብዙ ጊዜ ነርስ ናት። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚያስጀምሩ ነርሶችም አሉ። ይሄ ሲነገርላቸው ብሰማ ደስ ይለኛል።

ድሬ ላይ መሥራትሽ ራሱ ትምህርት ነው። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የተባለውን በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ በ2014 ደግሞ የወባ ወረርሽኝን አይታለች። ደንጊ የሚባለው፣ እሱም በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ ይመላለሳል። ሦስቱም የሚጀምሩት በትኩሳት ነው። ደንጊ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ሲወርድለት ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ድዱ ከደማ ወደ ቤት አይላክም። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ቢሰጠው ደግሞ መድማቱ ሊብስበት ይችላል። ይህን ቀድማ አይታ ሐኪሙን የምትጠራ፣ ለምን እንደጠራችውም አስረድታ የምትናገር ነርስ ናት የምትፈልጊው ደረጃ ላይ ያለችው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ ዱቲሽን ተጠቀሚበት። ትሪያጅ፣ በሽተኞች እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ ላይ ብቻ አትቆዪ። በጠና የታመሙት ወደሚገቡበት ክፍል እንድትመደቢ የነርሶች ኃላፊዋን ማትሯን ጠይቂያት። ኢሲጂ (የልብ ምት የሚታይበት ምርመራ) ማንበብ ተለማመጂ። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በሽተኞችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ከኋላ አትቁሚ፣ ጠይቂ። ደብተር ያዢና የበሽተኛው ስም ሳይገባበት ምን እንዳየሽ፣ ምን እንደጠረጠርሽ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጻፊ። የጠረጠርሽውና የሆነው ሲለያዩ፣ ማንበብ ያለብሽ እሱን ነው።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው ሐረር ነው፤ ከድሬ ሩቅ አይደለም። አንድ የዕረፍት ቀንሽን ሠውተሽ ሂጂና በነርሲንግ ዘንድሮ የትኞቹን ዘርፎች እንደሚቀበሉ ጠይቂ። የድንገተኛና የፅኑ ሕሙማን ነርሲንግ ካገኘሽ ላንቺ የተሰፋ ነው። የአዋቂዎች ጤናም ያስኬድሻል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ግን አትናቂው። እንግሊዝኛና ሒሳብም አለበት፤ ከአሁኑ ጀምሪ።

ስለ አሜሪካ እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ የያዝሽው ማስተርስ ብቻውን እዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር አያደርግሽም። መጀመሪያ የነርስነት ፈተናቸውን አልፈሽ ፈቃድ ታወጫለሽ፣ ከዚያ እነሱ የሚቀበሉትን ፕሮግራም ተምረሽ እንደገና ትፈተኛለሽ። ረጅም መንገድ ነው። የድንገተኛ ክፍል ልምድሽ ግን እዚያም አይጠፋም።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ማስተርስ ይዘው የሚመለሱ ነርሶች ብዙ ጊዜ አስተባባሪ ይደረጋሉ። ከበሽተኛው አልጋ ይርቁና እጃቸው ይቀዘቅዛል። መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ካደረገሽ፣ ተመልሰሽ የምታገለግይበት ውል ይቀርብልሻል። ሳትፈርሚ በፊት ስትመለሺ የት ክፍል እንደምትመደቢ ጠይቂ። ቢያንስ የሳምንቱ ግማሽ ከበሽተኛ ጋር እንዲሆን አስጽፊ። ከፈረምሽ በኋላ የሚሰማሽ አይኖርም።