ሰባት ሜትር ላይ እግር ሲሳሳት ክንድ ይወቀሳል

ጥያቄ፦ እጅ ኳስ የምጫወት የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምወረውረው በቀኝ እጄ ነው። የሰባት ሜትር ቅጣት ስወረውር ኳሱ ብዙ ጊዜ ከአግዳሚው በላይ ወይም በቀኝ ቋሚው ውጪ ይሄድብኛል። አሰልጣኜ «ክንድህ ደካማ ነው» ይሉኛል። ጉልበት ልጨምር? ደግሞስ የኋላ እግሬን ማንሳት ይፈቀዳል?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጉልበት አትጨምር። ኳስ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚስት ከሆነ ከክንድ በፊት አቋቋም ይጠረጠራል፤ ባንተ ሁኔታ ደግሞ በተለይ የግራ እግር። ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ ጣቶቹም ወደ ግቡ ማመልከት አለባቸው። ወደ ግራ ከዞሩ ዳሌና ደረት ከክንድ ቀድመው ይከፈታሉ። ክንድ ከኋላ ቀርቶ ይጎተታል፣ ኳሱ ጊዜው ሳይደርስ ከእጅ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ትከሻንም ያሳምማል። ጣቶቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ደግሞ ዳሌ ይቆለፍና ወደ ግራ ማዕዘን ለመወርወር ክንድ ደረትን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል።

ከግቡ መሃል እስከ ቆምክበት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አስምርና የግራ እግርህን በዚያ አቅጣጫ አስቀምጥ። በእግሮችህ መካከል ያለው ርቀት ከትከሻህ ስፋት ጥቂት ይብለጥ። ስትጀምር አብዛኛው ክብደትህ በኋላ እግር ላይ፣ ክርንህም በትከሻህ ቁመት ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ይሁን። ከዚያ ዳሌ ይቀድማል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድና አንጓ መጨረሻ ላይ ናቸው። ኳሱን ስትለቅ የፊት ጉልበትህ ጠንከር ይበል፤ ከተብረከረከ ከእግር የመጣው ኃይል እዚያው ይቀራል። ደረትህ ወደ ኋላ እንደተለጠጠ ከለቀቅክ ግን 2 ሜትር ከፍታ ያለው ግብ አይበቃህም።

መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት 20 ኳስ ወርውር፤ ጓደኛህ ከኋላ ሆኖ በስልክ ይቅረጽህ። ቪዲዮው ላይ ኳሱን ሳይሆን እግርህን ተመልከት። የአዳማ ንፋስ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ አቧራ ስለሚያለብስ የምትቆምበትን ቦታ አስቀድመህ ጥረግ፤ የፊት እግር ከተንሸራተተ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው።

የኋላ እግርህን ማንሳት ትችላለህ። የአንደኛው እግርህ የተወሰነ ክፍል ግን ኳሱ ከእጅህ እስኪወጣ ድረስ ከመሬት መለየት የለበትም። ከሰባት ሜትሩ መስመር ጀርባ ከ1 ሜትር በላይ አትራቅ፤ ኳሱን ሳትለቅም መስመሩን አትንካ። ከፊሽካው በኋላ ያለህ 3 ሰከንድ ነው። ግብ ጠባቂውን አንዴ ለማታለል ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ለማታለል የሚሞክሩት ናቸው እግራቸው የሚበላሽባቸው።