«ጅቡ አለ»፦ ለልጆች መጻፍና መሣል ለምትፈልጉ

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ድሬ ስትመጡ ቤቴ ጎራ ብላችሁ «እትዬ፣ ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። እኔም ሻይ እያቀረብኩ አንዱን መልስ ስደጋግም ዓመታት አለፉ። ዛሬ ልጻፈውና ልገላገል።

የጻፋችሁትን ለልጅ ስጡት። እናንተ አታንብቡለት፣ እሱ ያንብበው። እናንተ አፋችሁን ይዛችሁ ስሙ።

ይህን ያስተማረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የመጀመሪያ መጽሐፌን ረቂቅ ይዤ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኳት። አሪፍ አድርጋ እያነበበች «ጅቡ አለ» የሚለው ቦታ ደረሰች። እኔ ስጽፈው ጅቡ ሊናገር ነው፣ ንግግሩ ቀጥሎ ይመጣል። እሷ ግን «ለ»ን አጠበቀችው። ጅቡ አለ! ቀና ብላ ወደ ጓሮው አየች። ታናሽ ወንድሟ ቀሚሷ ሥር ተወሸቀ። ከዚያ ወዲያ ጅቡ ምን እንዳለ ማንም አልሰማልኝም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ትልቅ ሰው ከዙሪያው ገምቶ ያልፋል። ልጅ ግን ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው የሚሄደው። የሚቀጥለውን ቃል ገና አላየውም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» የምንለው? «ዋና» መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛው? እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመኝ ከፊቱ ፍንጭ አስቀምጣለሁ፣ አለዚያ እቀይረዋለሁ። «ጅቡ ተናገረ» ብል ኖሮ የልጁ እንቅልፍ ባልተረበሸ። ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ አሥር ጊዜ ባነበው ይህን አላገኘውም ነበር። ምክንያቱም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጅቡ እንደሚናገር አውቃለሁ።

ሥዕሉም ያው ነው። ያንን ጅብ የሣልኩት ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ አይቼ ነበር። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጆሮው የሾለ። ሐረር ላሉ ዘመዶቼ ሳሳይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቀረብ ብሎ አየና «አቦ፣ ይሄ ውሻ ነው!» አለኝ። (ይኸኛው «አለ» የላላው ነው።) ተናደድኩ። ልጁ ግን እውነቱን ነበር። ጁገል፣ የሐረር ግንብ ውስጥ፣ ያደገ ልጅ ጅብን ከተረት አይደለም የሚያውቀው።

በዚያው ምሽት ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ወሰዱኝ። ቁጭ ብዬ አየሁ። ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ የፊት እግሩ ከኋላው ረዘም ይላል። ጆሮው ክብ ነው። ሥጋውን ሊወስድ ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ሳይጠሩት ድግስ እንደገባ ሰው እያፈረ ነው የሚቀርበው። እስከዚያች ማታ ድረስ የሣልኩት ጅብ ሁሉ ጥርሱን ያገጠጠ ነበር። የሚያፍር ጅብ አስቤም አላውቅ። በማግስቱ በደንገጎ ቁልቁለት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደብተሬን አውጥቼ መሞነጫጨር ጀመርኩ። መንገዱ እያዞረ ያንገላታኛል፣ መስመሬ ይንቀጠቀጣል። ቤት ገብቼ አስተካክዬ ደግሜ ብሥለው ነፍስ አጣ። በመጨረሻ መጽሐፉ ላይ የገባው ያ የሚኒባሱ ነው።

እንግዲህ ሌላም ሌላም ትጠይቁኛላችሁ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ቀለም። ድሬ ለውሃ ቀለም አትመችም። ሰማይ ቀብታችሁ ግማሽ ሳትደርሱ ሌላው ግማሽ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ነው፣ እኔም መስኮቴን ዘግቼ ጽሑፍ አርማለሁ። እጄ ሥር ሁልጊዜ ጨርቅ አለ። አንዲት የላብ ጠብታ የሦስት ቀን ሥራ ታበላሻለች።

ቀለም ተወደደ ብላችሁ ደግሞ እንዳታቆሙ። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ከ4 ሺህ በላይ የቀይና የቢጫ ቀለም ድንጋይ ቁራጮች አግኝተዋል፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ድንጋይ ላይ እየፈጩ ዱቄቱን ያወጡት ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ቀይ አፈር በሻሽ መንፋት ጀመርኩ። የውሃ ቀለም በመሠረቱ ደቃቅ የቀለም ዱቄትና የግራር ሙጫ ነው። ሙጫውን በውሃ አሟሙቼ አፈሩን አዋህደዋለሁ። የመጋላ ሰፈርን ግድግዳ እንደዚያ ቡናማ የሚያወጣልኝ የሱቅ ቀለም አላገኘሁም።

አሁን የማትወዱትን ልንገራችሁ። ከመጽሐፍ ሽያጭ ኖሬ አላውቅም። የኖርኩት በመምህርነት ደመወዜ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ሥዕል፣ በጤና ፖስተርና በሱቅ ታፔላ ነው። አንዴ 1 ሺህ ቅጂ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ አልጋ ሥር ደረደርኩት። አንዱን ካርቶን ምስጥ በላው። የቀረውን በፌስታል ይዤ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ሸጥኩ።

የበላኝ ምስጥ ብቻ አይደለም። አንድ ድርጅት ለፖስተር ብሎ ሥዕሎች አሠራኝ። ወረቀት አልተፈራረምንም፣ ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ። በዓመቱ የእኔን ቀበሮ ሱቅ ውስጥ የደብተር ሽፋን ላይ አገኘሁት። ሄጄ ብጠይቅ የሚያውቀኝ ጠፋ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ መሰላችሁ! የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አንብቡት። የገንዘብ ጥቅሙ መብት ሠሪው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ለማን፣ ለምን ሥራ፣ ለስንት ጊዜ እንደሰጣችሁ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ዋናውን ሥዕል ለማንም አትስጡ፣ ስካን አድርጋችሁ ስጡ።

ስለ ማተሚያ ቤት ደግሞ፦ ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይሞታል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት ናሙና ወረቀት ላይ አውጥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ገጹ የሚታጠፍበት መሃል ላይ ፊት አትሣሉ፣ እኔ የፍየል አፍንጫ ላይ ሽቦ አስመትቻለሁ። ገጽ ቁጠሩ። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ አንዱ የታጠፈ ወረቀት 4 ገጽ ስለሚሰጥ፣ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። ብዙ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ 32 ገጽ የሚሆነውም ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚወጣውና ሁለቱ 32 ስለሚሆን ነው። መጀመሪያ ተራ ወረቀት አጣጥፋችሁ ትንሿን መጽሐፍ በእጃችሁ ሥሩ።

እኔ ይህን ሳላውቅ የጅቡን መጽሐፍ 30 ገጽ አድርጌ ሄድኩ። ሠራተኛው ቆጥሮ «ሁለቱስ?» አለኝ። የምጨምረው አልነበረኝም፣ የከፈልኩት ደግሞ ተከፍሏል። መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ባዶ ሆኖ ወጣ። አፍሬ ነበር። ለጎረቤቴ ልጅ አንዱን ስሰጣት ገለባብጣ ባዶዎቹ ላይ ቆመችና «ይሄ የኔ ነው?» አለችኝ። አዎ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

በሳምንቱ መልሳ አመጣችው። አንዱ ገጽ ላይ የኛን ጓሮ ሥላለች፣ በርሜሉን፣ የልብስ ገመዱን፣ በሩ ላይ የቆመ ታናሽ ወንድሟን። ከሥሩ በእርሳስ «ጅቡ የለም» ብላ ጽፋለች።